የዛገ ስፒል

ከልጅነቷ እጇ ፈጣን ነበር። ያሳደገቻት አክስቷ «መብረቄ» የምትላትም ለዚሁ ነው፤ ልብስ አጥቦ በማስጣት፣ ቤት ጠርጎ በመጨረስ የሚቀድማት አልነበረም። ቤቱ ደግሞ ደንብ ነበረው፦ አክስት ስትመርቅም ስትራገምም አሜን ይባላል። ይህችው መብረቅ ትምህርቷን ስትጨርስ መቸኮልን የሚጠላ ሥራ ገጠማት። በቤተ መዛግብት ተለማማጅ ሆነች።

ክፍሉ እርጥበት የላሰው ምድር ቤት ነው። የተዘጋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወረቀት በካርቶን ታጭቆ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። አክስቷ ወጣትነቷን የጨረሰችው እዚያ ፋብሪካ ነው፤ የቀኝ እጇን ሁለት ጣት የበላውም የፋብሪካው ማሽን። አለቆቹ ግን «ቤቷ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው የቆረጠችው» ብለው አሰናበቷት። ሰፈሩም አመነ፤ ሰው ለሐሜት መቼ ማስረጃ ይጠይቃል?

«ሐኪሙ የጻፈው እዚያ ውስጥ አለ» አለቻት አክስቷ ሥራ የጀመረች ዕለት። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ውሸታም መባሉ በቅቶኛል። አንቺ ታገኚልኛለሽ።»

ሥራውን የምታስተምራት መዝገብ ያዥ «እትዬ ቀስ በሉ» ትባላለች። አፏ ላይ የማይጠፋ ቃሏ ነውና ስሟ ሆኖ ቀረ።

«የዛገውን ስፒል ስትነቅይ አብረው የተያዙትን እዚያው አንድ አቃፊ ውስጥ ክተቻቸው። ከዚያ ወደሚቀጥለው» አለቻት። «ወረቀት ከጎረቤቱ ከተለየ ዲዳ ነው። ቀስ በይ።»

ቀስ ማለቱን ግን የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ አልወደደም። ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ የለም፤ ጎበዟ ሥራው ላይ ትቀራለች ብሎ በር ላይ ቆሞ ተናግሮ ሄደ። መብረቅ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። እትዬ ቀስ በሉ ታማ በቀረች ሰሞን ካርቶኖቹን ሁሉ ዘረገፈቻቸው። ስፒሉን እየነቀለች ቆርቆሮ ሞላች። ወረቀቱን ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ጋር ጫፍ ለጫፍ አስተካክላ ደረደረችው። ያምር ነበር፤ እውነት ለመናገር በጣም ያምር ነበር።

ኃላፊው ጫፉን በመዳፉ ዳበሰና «ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አለ።

እትዬ ቀስ በሉ ተመልሳ ስታየው ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ምን አደረግሽ ልጄ?»

«ጨረስኩልዎት።»

«አዎ። ጨረስሽው።»

አሮጊቷ ለኃላፊው ብታመለክት «ቅናት ነው» አላት። ብዙም ሳይቆይ በጡረታ ሸኟት፤ መብረቅም ተቀጠረች። አክስቷ ለጎረቤት ሁሉ «ያቺ አሮጊት ስታንቀላፋ የኔዋ አቀናችው» እያለች አወራች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያን ጊዜ የሚያስታውስ አልነበረም።

አንድ ቀን አክስቷ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። መብረቅ ከትልልቆቹ ክምር የአክስቷን ማመልከቻ ወዲያው አወጣችው። ስሟ አለ፣ «የሐኪም ወረቀት አያይዣለሁ» ይላል፤ ጥጉ ላይ የዛገ ስፒል ምልክት አለ። የተያያዘው ግን የለም። ከትንንሾቹ ክምር ስትፈልግ የሐኪም ቁራጭ ወረቀቶች አገኘች። «ቀኝ እጅ፣ ሁለት ጣት፣ በማሽን» ይላል አንዱ። ሌላውም። ሌላውም። ስም ማንኛቸውም ላይ የለም፤ ስሙ የነበረው በተያያዙበት ወረቀት ላይ ነው። የዝገቱ ምልክት ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

አክስቷ ጣት የጎደለው እጇን ከወረቀቶቹ አጠገብ ዘረጋች።

«ከነዚህ አንዷ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«የትኛዋ?»

መብረቅ አንገቷን ደፋች።

«ማነው እንዲህ የለያያቸው?» አለች አክስቷ። ከዚያ የልጅቷን ፊት አይታ አዘነችላት። «ተይው፣ ገብቶኛል። ያቺ አሮጊት ናት። አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ተበላሽቶ ጠበቀሽ።» ወረቀቶቹን ገፋ አድርጋ ተነሣች። «ይህን የነካ እጅ ይቆረጥ!»

አክስቷ አሜኑን ጠበቀች።

«አሜን በይ እንጂ!»

መብረቅ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ሥር ሸሸገች።

«አሜን» አለች።