ካሴቱ ሲያልቅ ትወጣለህ

ልጅ ሳለሁ ሰበታ ውስጥ ሌላው ቤት ማታ ማታ እሳት ሲከበብ፣ እኛ ቤት የሚከበበው ቴፕ ነበር። ምን ዓይነት ቴፕ! አባቴ የሚሠራበት ፋብሪካ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የተወለት ነው። ፊቱ ላይ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚዘሉ ሁለት መርፌዎች አሉት፣ መብራቱ ደግሞ ፍም ይመስላል፤ አምፖሉን አጥፍተን በሱ ብቻ እንተያይ ነበር። ጉዱ ግን ሌላ ነው። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ካሴቱን ራሱ ይተፋውና፣ ገልብጦ፣ መልሶ ይውጠዋል! ሰባተኛ ክፍልን ሁለቴ ተምሬ የተውኩ ሰው ነኝ፣ እንዴት እንደሚያደርገው እኔን አትጠይቁኝ።

ያኔ ተረት የሚያወሩልን ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ነበሩ። አንድ ምሽት አባቴ ሊቀዳቸው ሲል «ካሴቱ ሲያልቅ እኔም አለቅሁ፣ ቤቴ እገባለሁ» አሉ። ተረቱ ዋሻ ስለገባች ፍየል ነው። ጅቡ ደጅ ቆሞ «ውጪ!» ሲላት፣ «ዘፈኔን ልጨርስና» እያለች እስኪነጋ ትዘፍናለች። እሳቸው ይዘፍናሉ፣ እኛ «ኤዬ!» እንላለን። ልክ ጅቡ ምራቁን ሲውጥ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ወጣ፣ ተገለበጠ፣ ገባ። ኦቦ ቶላ ከበርጩማቸው ዘለሉ።

«ያ ዋቃዮ! ይሄ ነገር ከጅቡም ይብሳል፣ አይጠግብም እንዴ?»

«አንቱም እኮ አላለቁም!» አልኳቸው። ይሄም፣ ሳቃችንም ተቀድቶ ቀረ።

ኦቦ ቶላም አባቴም አረፉ፣ ቴፑ እኔ ጋ ቀረ። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ከአስፋልቱ ወገን ተኩስ እየተሰማ፣ የእህቴ ልጅ ገመቹ ጫማውን አሰረ። እናቱ በሩን ይዛ ታለቅሳለች።

«ጓደኞቼ እዚያ ናቸው፣ አጎቴ።»

ብቆጣው ጥሎኝ ይሄዳል። «ሂድ፣ ማን ያዘህ? ግን ኦቦ ቶላን አንድ ካሴት ስማቸው። ሲያልቅ በሩን እኔ ራሴ እከፍትልሃለሁ።»

«ማል!»

«ኦቦ ቶላ ይሙቱ!»

«ሞተዋል እኮ!»

«ታኢ፣ ተቀመጥ ብዬሃለሁ!»

ጫማውን ሳይፈታ ተቀመጠ። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ተነሳ፤ ቴፑ ተፋ፣ ገለበጠ፣ ዋጠ። አፉን ከፍቶ ተቀመጠ። ሁለተኛውም ሲያልቅ ተነሳ፤ ቴፑ እንደገና ገለበጠና ፍየሏ እንደ አዲስ ዋሻዋ ገባች።

«አጎቴ! ይሄ እኮ አያልቅም!»

«የፍየሏስ ዘፈን መቼ አለቀ?»

ሊገድለኝ የመጣ ይመስል አየኝ። እንደተኮሳተረ ያም ገጽ አለቀ፤ ቴፑ ሲገለብጥ ከውስጡ የኔ የልጅነት ድምፅ እንደገና «አንቱም እኮ አላለቁም!» ብሎ ጮኸ። ገመቹ ሳቁ አመለጠው፤ እየሳቀ አለቀሰ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። እናቱ በሩን ለቀቀች።

ያን ቀን ከወጡት ጓደኞቹ አንዱ አልተመለሰም። በሱ ቀልድ የለኝም።

አሁን የቴፑ ላስቲክ ሟሙቷል፤ ካሴቱን ይተፋና መገልበጥ አቅቶት ይቆማል። ገመቹ አባት ሆኗል። ሴት ልጁ «ከዚያስ፣ አባዬ?» ስትለው ብድግ ይልና በእጁ ይገለብጥላታል።