ከአራተኛው ልጅ በኋላ የተውኩት ሶላት

አራተኛ ልጄን ወልጄ አርባ ቀኔን ብጨርስም ሆዴ አልገባ አለ። ስተኛ ደህና ነው፤ ልነሳ ቀና ስል ግን መሐሉ ላይ ሸንተረር ብቅ ይላል። ግራና ቀኙ ተለያይቶ አራት ጣቴን ያስገባል። ያየኝ ሁሉ «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ?» ይለኛል። «አዎ፣ ዝሆን!» እላለሁ። በዚያ ዘመን ከሚሴ ጥቂት ቤት ነበረች፤ ምላሴን ስለሚያውቁት ሁለተኛ አይጠይቁኝም።

የሆዱስ ይሁን። ያንገበገበኝ ሌላው ነው። ሳስነጥስ፣ ስስቅ፣ ከቦርከና ወንዝ እንስራ አዝዬ ስነሳ ሽንቴ ጠብ ይላል። ዉዱእ አድርጌ ገና ሶላት ልገባ እጄን ሳነሳ እርጥበቱ ይሰማኛል። እንደገና እታጠባለሁ፤ እንደገና ጠብ። በሦስተኛው ወር ተውኩት። ነጃሳ ሆኜ አላህ ፊት እንዴት ልቁም? ባሌ ጨፋ እርሻው ላይ ስለሚውል አያየኝም፤ ሲገባ ከጠየቀኝ «ሰግጃለሁ» እለዋለሁ። አስተግፊሩላህ፣ በሶላት ዋሸሁ! ወላሂ ከምጡም ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።

አማቴ በበኩላቸው ሆዴን ሊመልሱ ቆርጠው ተነሱ። በየጠዋቱ መቀነት ይዘው ይመጣሉ፤ ጉልበታቸውን ጀርባዬ ላይ አስደግፈው ያጠብቁታል። «ወገብ የሚመለሰው እንዲህ ነው፣ ቻዪው!» ይሉኛል። ባጠበቁት ቁጥር የታቹ ባሰ። ለሳቸው ደግሞ ምን ብዬ ልንገር?

አራቱንም ያዋለዱኝ ባልቴት አንድ ቀን ልጁን ሊያዩ መጡ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ አሳቁኝና ቀሚሴን ይዤ ወደ ጓሮ ስሮጥ ነቁብኝ። «ያ ኢንተላ፣ ነይ እስቲ ተኚ» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። ሆዴን ዳሰሱ፤ መቀነቱን ሲያዩ በገዛ እጃቸው ፈቱት።

«ስልቻን ወገቡን ጠፍረሽ ብታስሪው እህሉ ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች አይደል?»

አጠገባችን የነበሩት አማቴ ተቆጡ። አዋላጇ አልሰሟቸውም። ከመኝታ ስነሳ በጎኔ ዞሬ በእጄ እንድደገፍ፣ በትንሿ እንስራ እንድቀዳ፣ ቁጭ ባልኩበትም ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ታቼን ጨበጥ፣ ለቀቅ እያደረግሁ በየቀኑ እንድደጋግመው አዘዙኝ። ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ ግን ሠራሁት። ወራት ቢፈጅም ሆዴም ገጠመ፣ ጠብ ጠቡም ቀነሰ።

ያን ቀን ግን ያንን የሚያውቅ የለ። «ሶላቴስ?» ብዬ አማቴ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ውሸቴን ጭምር።

አዋላጇ በነጋታው፣ ስሜን ሳይጠሩ ሸኹን ጠይቀው ተመለሱ። «ወቅቱ ሲገባ ትታጠብ፣ ጨርቅ ታድርግ፣ ትስገድ። ቢንጠባጠብም ሶላቷ ሶላት ነው፤ አላህ የማትችለውን አይጠይቃትም ብለዋል» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ በራሴም ተናደድኩ። አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አፍሬ ስንት ወር!

አማቴ ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አሁን የስድብ ዶፍ ሊወርድብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፤ ወደ አዋላጇ ዞሩ። እንባ ዓይናቸውን ሞልቶት ነበር።

«የሃያ ዓመቱስ?» አሉ። «ሃያ ዓመት ያልሰገድኩትስ እንዴት ይሆናል?»