ለወንዝ እጅ መንሳት

ከወንዙ ማዶ ካለችው ማሳችን ጎደሬ ቆፍረን ስንመለስ፣ ባለቤቴ ታደሰ የነሪ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ለውሃው ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ተሳሳቅን። አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር ይኸው ነው፤ በሳምንቱ ድንገት አረፈ። ዛሬም የእርጥብ ደለል ሽታ ሲመጣብኝ፣ በልጅነታችን ይህን እጅ መንሳት ያስተማሩን ጋሽ ዮሐንስ ከፊቴ ይቆማሉ።

ጋሽ ዮሐንስ የአሪ ሰው ናቸው። ለጥናት ጂንካ ለከረመ ጃፓናዊ ወጥ ቤት ነበሩ። አብዮቱ ፈንድቶ እንግዳው ወደ አገሩ ሲገባ አንድ ጥቁር ዣንጥላና ካፓ የሚባለውን የአገሩን የወንዝ ጋኔን ወሬ ትቶላቸው ሄደ። ያኔ በእኛ በኩል ድልድይ አልነበረም፤ እኛን የማዶ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያሻግሩን እሳቸው ነበሩ።

ካፓ ቁመቱ የልጅ፣ ጀርባው የኤሊ ነው አሉን። አናቱ ጎድጓዳ ነው፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ በተቋጠረው ውሃ ላይ ነው። እግር ይዞ ወደ ጥልቁ ይጎትታል። ግን ጨዋ ስለሆነ እጅ ሲነሱት አጸፋውን ይመልሳል፤ ያኔ ውሃው ይፈስበትና አቅም ያጣል።

«ጎንበስ ብላችሁ ውሃውን ደህና አድርጋችሁ እዩት! ከዚያ በፊት አንድም እግር እንዳይገባ!»

ኮንጎ ጫማዬን በእጄ ይዤ ስጎነበስ፣ ከውሃው ውስጥ የሚያየኝ የራሴ ፊት እንኳ እሱ ይመስለኝ ነበር። አብሮኝ የሚሻገረው ታደሰ ግን ያኔም ፍርሃት አያውቅም።

«ጋሽ ዮሐንስ፣ የጴንጤ ልጅ ለጋኔን ይሰግዳል እንዴ?»

«ሰላም በለው አልኩ እንጂ ስገድለት አልኩህ? ጎንበስ፣ አንተ ባለጌ!»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ የላይኛው ተራራ ግን ጠቁሯል። ታደሰ ሮጦ ሊገባ ሲል ጋሽ ዮሐንስ በዣንጥላው እጀታ አንገትጌውን ያዙት። እያጉረመረመ ጎነበሰ። እንደጎነበሰም ቀረ።

«ጋሽዬ... ውሃው ቀላ።»

ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርድ ጀመር። ጋሽ ዮሐንስ ሁለታችንንም እየጎተቱ ዳገቱን ወጡ። ዞር ስል ቆመንበት የነበረው አሸዋ የለም፤ በላዩ ግንድ ከነሥሩ እየተንከባለለ ያልፋል።

«ካፓ ነው?» አልኳቸው።

«ዞረሽ አትይ፣ ሽቅብ ውጪ!» አሉኝ። እጄን እስኪያመኝ ጨብጠው ይዘውታል። እሳቸውም እንደሚፈሩ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጋሽ ዮሐንስ አርጅተው አለፉ። ድልድዩ ተሠርቶም ታደሰ ሳይጎነበስ ተሻግሮ አያውቅም።

አሁን ወደ ማሳው ብቻዬን እወርዳለሁ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ውሃውን አየዋለሁ፤ ከዚያ እሻገራለሁ።