በሸዋርካብሽ ስም የታሸገው ጠጅ

እትዬ ሸዋርካብሽን የማያውቅ ሰው መርካቶን አውቃለሁ ቢለኝ አልሰማውም። እኔ በርበሬ በረንዳ ጥግ ማርና ጌሾ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ከጭድ ተራ ጀርባ ጠጅ ይጥላሉ። ፀጉሬ ሳይሸብት ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው፤ ምላሳቸውን ደግሞ ከጠጃቸው እኩል እፈራዋለሁ።

ሰው ነጠላቸውንና እርጅናቸውን አይቶ "የድሮ ሰው" ይላቸዋል። ኧረ ተዉኝ እቴ! በሰፈሩ ጋኑን ትተው የማይዝግ ብረት በርሜል ያስገቡ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ቴርሞሜትር ሲገዙ ሁላችንም ሳቅንባቸው። ሲበርድ ጠጁ ይተኛል፣ ሲሞቅ ይሆመጥጣል፣ በእጄ ነክቼ ከምገምት ይሄ ይንገረኝ አሉ። የላስታን ነጭ ማር ከማሻ ጫካ ማር ጋር የቀላቀሉትም እሳቸው ናቸው፤ ማር እንደ ሰው አገር አለው፣ ከተጋባ ይወልዳል ባይ ናቸው። በኋላ ጭራሽ ከዝዋይ ወይን አስመጥተው ከማሩ ጋር ጨምቀው ጌሾ ላይ ጣሉት። የድሮ ጠጪዎቻቸው ጠጅና ወይን ምን አገናኛቸው ብለው አጉረመረሙ። ያልወደደ ውኃ ይጠጣ አሏቸው። በማግስቱ አጉረምራሚዎቹ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ተቀምጠው ነበር።

ስኳር ግን አይነኩም። ስኳር የገባበት ጠጅ ለሳቸው ስድብ ነው።

ዘመድኩን የሚባል የጎረቤት ልጅ አለ። በእትዬ ግቢ እየቦረቀ፣ ያልፈላ ብርዛቸውን እየጠጣ አድጎ ዛሬ ዱባይ ተራ ቴሌቪዥን ያከፋፍላል። እሱ ነው ጠጁን በጠርሙስ አሽገን ለሆቴሎች እናቅርብ፣ ስሙም "ሸዋርካብሽ" ይባል ያለው። እትዬ ደስ አላቸው፤ አዲስ ነገር መቼ ይጠላሉ! አንድ ነገር ብቻ አስማሉት፤ ከማር በቀር ማጣፈጫ እንዳይገባበት። ከተማ ዳር መጋዘን ተከራየ። የመጀመሪያውን ዙር ራሳቸው ቆመው ጣሉ። ከዚያ በኋላ እርስዎ አይድከሙ፣ ጥንስሱን ይስጡኝና እኔ አሠራዋለሁ አላቸው፤ አመኑት።

ማሩን የሚገዛው ከኔ ነው። ዱባይ ተራ በኩል ሳልፍ ስማቸው የታተመበት ባዶ ካርቶን ወደ መጋዘኑ በአይሱዙ ሲጫን አያለሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ በእጥፍ ይጫናል። ከኔ የሚወስደው ማር ግን ፈቅ አላለም። ከሌላ ቦታ ትገዛለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳቀና ወሬ ለወጠ። ደሜ ፈላ። ካርቶኑና ማሩ አይመጣጠንም ብዬ ሄጄ ለእትዬ ነገርኳቸው። ቅናት ነው አሉኝ! በሱቄ ደጃፍ ሲያልፉም ሰላምታ ነፈጉኝ። ከፋኝ፤ የነገርኳቸውን ግን አልዋጥኩትም።

የታሸገው ጠጅ ለገበያ በሚቀርብበት የምርቃት ዕለት የአንድ ሆቴል አዳራሽ በባለ ሆቴልና በነጋዴ ተሞላ። እኔም ከኋላ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያውን ብርሌ የሚቀዱት እትዬ ናቸው ተባለ። በእኛ ወግ ጠጅ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እሱ ያልቀመሰውን እንግዳ አይጠጣም። እትዬ ጠርሙሱን ከፍተው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ፉት አሉ። ከዚያ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ተፉት።

ዘመድኩን ሮጦ ደረሰና በጆሯቸው ተለማመጣቸው። ስኳር ሳይጨመር በማር ብቻ አያዋጣም፣ ዘመናዊ አሠራር ይሄ ነው፣ ዛሬን ብቻ ይለፉኝ አለ። እሳቸው ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገሩ።

"ብረቱን ያመጣሁት እኔ፣ ወይኑን ያመጣሁት እኔ። ዘመናዊ ማለት ማጭበርበር ነው ያለህ ማነው? ስሜን ከጠርሙስህ ላይ ላጥ!"

ጋሼ ኪዳነወልድ የሚባሉ ሽማግሌ ባለ ሆቴል ነገሩን ሊያበርዱ ፈለጉ። ልጁ ደክሞበታል፣ ለመታረቂያ ያህል አንድ አንድ ብርሌ ይቀዳልን አሉ።

"ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፣ ጋሼ" አሉ እትዬ። "እኔ ያልዋጥኩትን ለእንግዳ አልሰጥም። ከፈለጋችሁ እሱ ይቅዳላችሁ። የሚቀዳ ግን ቀድሞ ይቀምሳል።"

የዘመድኩንን እጅ ይዘው መዳፉን ዘረጉና ከራሱ ጠርሙስ አፈሰሱበት። "በል ቅመስና አጠጣቸው፤ ያሳደግኩህ በዚህ ከሆነ ተናገር" አሉት። እጁን አልለቀቁም።

እኔ ከኋላ ሆኜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አልደብቅም። ልጁ እትዬን አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ መዳፉን አየ። ወደ አፉ ቢያስጠጋው ኖሮ ካርቶኑ በሙሉ በዚያው ቀን ይሸጥ ነበር። ጋሼ ኪዳነወልድ ባዶ ብርሌያቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱ፤ ከጎናቸው ያሉትም እንዲሁ አደረጉ። ጠጁ በጣቶቹ መሃል ተንጠባጥቦ አለቀ። ዘመድኩን አልቀመሰም።