ከተንበረከከ ሰው ማምለጥ

አጎቴ ካራቴ የሚባለውን ነገር ከኮሪያ ይዘው መጡ ይባል ነበር። ስህተት ነው። ከኮሪያ ይዘው የመጡት እግራቸው ውስጥ የቀረውን የብረት ስባሪ ብቻ ነው። ካራቴውን የተማሩት ለሕክምና ጃፓን በተላኩ ጊዜ ነው። ቁስሉ ሲጠግግላቸው አንድ መጋዘን እንዲጠብቁ ተመደቡ። አብሯቸው የሚጠብቀው ጃፓናዊ ሽማግሌ ብርዱን ለመርሳት ሲል እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስተማራቸው። በምን ቋንቋ ተግባቡ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እሱ ሲመታኝ እኔ እረዳ ነበር» አሉኝ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከዘመቻ ሲመለሱ ሚስት አላገቡም፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ገብተው ከእኛ ጋር ኖሩ። ጠዋት ጠዋት፣ ውርጩ ሳይነሳ፣ አውድማው ላይ ቆመው ብቻቸውን ይታገላሉ። ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ክንዳቸውን ያነሳሉ፣ አንድ እርምጃ ገብተው ይሰነዝራሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። ካታ ይሉታል። የገብስ ማሳ የሚያርሙ ጎረቤቶች ሰርከስ የመጣላቸው ይመስል ቆመው ያዩዋቸው ነበር።

«ዛሩ ተነሳባቸው» ይላል አንዱ።

«ዛር እንኳ አይመስለኝም፤ ዛር ያጓራል። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚማታው።»

«የኮሪያ ዛር ይሆናላ። አማርኛ አይችልም።»

አጎቴ ይሰማሉ፤ አይመልሱም። እኔ ግን ድንጋይ አንስቼ ነበር አንድ ጊዜ። እናቴ እጄን ጠምዝዛ አስጣለችኝ።

እኛን ማስተማር የጀመሩት በጨዋታ አይደለም። ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ የሚኒስትሪ ፈተና ልትቀመጥ ስትሰናዳ፣ ወደ ግሼ በኩል ያለ የአንድ ጭቃ ሹም ልጅ ለጋብቻ ሽማግሌ ላከ። አባቴ፣ «ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው መለሱ። በዳዊትና በወንጌል ያደጉ ገበሬ ናቸው፤ እኔን ሴቷን ደብረ ብርሃን ልከው ቤት ተከራይተው ሲያስተምሩ አገር ምድሩ የተሳለቀባቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ በሰላም ሄዱ። ልጁ ግን ገበያ መሐል፣ ሰው እየሰማ፣ «እንግዲያው በእጄ ነው የማወጣት» ብሎ ፎከረ።

ይህ ማለት ምን እንደሆነ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ከእህቴ ክፍል አንዲት ልጅ ከወንዝ ስትመለስ በርኖስ ራሷ ላይ ጥለው፣ በበቅሎ ጭነው ወሰዷት። አንድ ሌሊት እዚያ ካደረች በኋላ ቤተሰቧ ምን ያድርግ? ዳሯት። ከዚያ ወዲያ ያየናት አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ነው፤ ሰላም ስንላት አንገቷን አቀረቀረች።

የእህቴ ነገር እንግዲህ ይህ ነበር፤ ፈተናውን አልፋ፣ መስከረም ላይ ከእኔ ጋር ደብረ ብርሃን ሄዳ ዘጠነኛ ክፍል መግባት፣ ወይም በርኖሱ ውስጥ መግባት። ሌላ ሦስተኛ ነገር አልነበረም።

ለክረምት ስመጣ አጎቴ ሁለታችንንም ከበጎቹ በረት ጀርባ ወሰዱን።

«ካታውን ሊያስተምሩን ነው ጋሼ?» አልኳቸው። መዞሩና መሰንዘሩ ያምረኝ ነበር።

«ካታ ሰው አያስጥልም። ካታ ውስጥ ያለውን ነው የማሳያችሁ።» እህቴን ጠሯት። «እጄን ያዢ። አጥብቂ! እንደ ሙሽራ አትያዢኝ።»

እህቴ በሁለት እጇ የእጃቸውን አንጓ አነቀችው። ያን ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉትን፣ አንዱ እጅ ሲሰነዘር ሌላው ወደ ወገብ የሚመለስበትን ነገር አደረጉ። እህቴ ጭቃው ላይ ተደፋች።

«አያችሁ? ይሄ ወደ ወገብ የሚመለሰው እጅ፣ ሰው ለማማር የሚመልሰው ይመስለዋል። ባዶውን አይመለስም። የያዘውን ሰው ይዞ ነው የሚመለስ።» አንስተው ቀሚሷን አራገፉላት። «ሰው ሲይዝሽ አራቱን ጣቶች አትታገያቸው፤ ብርቱ ናቸው። አውራ ጣቱ ብቻዋን ናት። በእሷ በኩል ዞረሽ ውጪ። ስትወጪ ግን ዝም ብለሽ አትውጪ፤ እጁን ይዘሽበት ውጪ። የያዘሽ ሰው እኮ ራሱም ታስሯል፤ እሱ ግን አያውቅም።»

በርኖስም ነበረ። የአባቴን ከባዱን በርኖስ ራሳችን ላይ እየጣሉ በጨለማው ውስጥ ያናውጡን ነበር። እዚያ ውስጥ የመጀመሪያው ነገር ትንፋሽ ያጥራል፤ ሱፉ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ለመግፈፍ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። «አታንሺ!» ይጮኻሉ ከውጭ። «እጅሽን ካነሳሽ ጎንሽን ሰጠሽ። ጉልበትሽን እጠፊ፣ ክበጂ፣ እንደ እህል ጆንያ ክበጂ! ተረከዝሽን የእግሩ ጣቶች ላይ! አሁን ክርንሽን ወደ ኋላ!»

እኔ ችኩል ነኝ፤ ጉልበቴን ሳላጥፍ ክርኔን እሰነዝርና አየር እመታለሁ። እህቴ ግን ትምህርት ቤት ሒሳብ እንደምትሠራው ነው የምትሠራው፤ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትዘል። አጎቴ አንድ ቀን ክርኗ ጎድናቸው ላይ ሲያርፍ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሽ አጡ። ሲመለስላቸው ሳቁ። ከዘመቻ ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ውጤቱ መጣ። አልፋለች። አባቴ ለዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ ገዙላት፤ እኔና እሷ ከተማ ልብስ ሰፊው ጋ ሄደን ተለካች። ስንመለስ ከሰዓት ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ በሁለት ካብ መሐል የሚጠብበት ቦታ ላይ ሦስት ሰዎች ከካቡ ዘለው ወረዱ። ከበስተኋላቸው በቅሎ ተይዛለች።

በርኖሱን እህቴ ላይ ጣሉት። እኔን አንዱ ገፍትሮ ጭቃ ውስጥ ጣለኝ። ስነሳ ካራቴውን ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ ባቱን ነከስኩት። የማውቀው እሱን ነበር።

እህቴ ግን አልረሳችም። በርኖሱ ውስጥ እጇን አላነሳችም። ወደ ታች ከበደች፤ ያቀፋት ሰው አብሮ ጎበጠ፤ ከዚያ ጮኾ ለቀቃት። በርኖሱ ሲወድቅ ፊቷን አየሁት፤ ትልቅ ነገር የምታስብ ይመስል ግንባሯን ቋጥራለች። የጭቃ ሹሙ ልጅ ራሱ መጣና አንጓዋን ያዘ። «ነይ እንግዲህ አንቺ ተማሪ» አለ። ነይ ሲላት ሄደችለት። በአውራ ጣቱ በኩል ዞረች፣ እጁን ይዛ ወደ ወገቧ ሳበችው፣ በሌላው ክንዷ ክርኑን መታችው። ድምፁን ሰማሁት። ልጁ ተቀመጠ። እንደ ሰከረ ሰው ዝም ብሎ መንገዱ ላይ ተቀመጠና እጁን ያየው ጀመር።

ሮጥን። ጫማዬ አንዱ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ቤት ስንደርስ አጎቴ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «በየት በኩል ወጣሽ?»

«በአውራ ጣቱ።»

«ባዶሽን?»

«ይዤው ነው የወጣሁ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቴ ግን እልል አላለችም፤ ተቀመጠች። «ክንዱ ተሰብሯል?» ብላ ጠየቀች። «ተሰብሯል ስትሉ ጨርሶ ተሰብሯል?»

አባቴ ጠመንጃቸውን አውርደው ደጅ ተቀመጡ። አጎቴም አጠገባቸው። ደም መላሽ ይመጣል ብለን ጠበቅን። የአባቴ ወንድሞችም ቀየት ከሚባለው አገር ጠመንጃቸውን ይዘው መጡ። እኔ እንዲያውም ይምጡ እል ነበር፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ዓለምን ሁሉ በተረከዝ የምረግጣት ይመስለኛል።

የመጡት ግን እንዲያ ሆነው አልመጡም።

ጠዋት ነው። ካህናት ከፊት፣ መስቀል ይዘው። ከኋላቸው ጭቃ ሹሙ፣ ያ ኩሩ ሰውዬ፣ ራሱን ገልጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ልጁ ክንዱን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለት እሱም በቀረው እጁ አንገቱ ላይ ድንጋይ ይዟል። ወንድሞቹ፣ ዘመዶቹ፣ ሁሉም ድንጋይ። ከደጃችን ጭቃ ላይ ተንበረከኩ።

«ስለ እግዚአብሔር! ስለ እመቤታችን! በድለናል፣ ማሩን!»

ዝናቡ ጀመረ። ማንም አልተነሳም። አባቴ በሩ ላይ ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመው አዩዋቸው፤ ለመተኮስ የመጣ ሰው ቢሆን ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ኧረ ድንጋዩን ያውርዱላቸው!» ይላል ሰው። «መስቀል እኮ ነው ደጅ ላይ የቆመው!» ዝናብ እየመታው የቆመን መስቀል ቆሞ ማየት፣ አባቴን ለመሰለ ሰው፣ ከጥይት ይብሳል። በመጨረሻ ጠመንጃውን ለአጎቴ ሰጥተው ወጡ፤ ከጭቃ ሹሙ ጫንቃ ላይ ድንጋዩን በእጃቸው አነሱት። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ቤት ገቡ፣ ጠላ ቀረበ፣ በግ ታረደ።

አለቀ ብዬ ነበር። እርቁ ገና መጀመሩ ኖሯል።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ይቅር ብለዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የዚህ ልጅ ክንድ እርፍ ይጨብጥ አይጨብጥ አይታወቅም። ነገ ልጆቹ፣ የወንድሞቹ ልጆች፣ ያንን ክንድ እያዩ ነው የሚያድጉት። ቂሙ እንዲደርቅ የሁለታችሁ ቤት አንድ ይሁን። ልጅቷን ይስጡን።»

እኔና እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ነን። እጇን ያዝኩት።

አጎቴ ተነሱ። «ቆዩ እንጂ! ልጅቷን ሊጠልፉ የመጡት እነሱ ናቸው። በዳዩ ማን ነው?»

«ማን ካደ የእኔ ጌታ?» አሉ ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ። «በዳይ ባይሆኑ ድንጋይ ምን ያሸክማቸዋል?»

«እንግዲያው በዳይ ይሸለማል?»

ጭቃ ሹሙ ከመደቡ ወርዶ፣ ከመሬት ተደፍቶ፣ የአጎቴን እግር አቀፈ። ያችን ብረት ያለባትን እግር። «ይማሩን ጋሼ። ልጄን ማሩልኝ። ደም እንዳይፋሰስ።» ልጁም መጣ፤ የታሰረውን ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ሌላውን እግራቸውን ያዘ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አጎቴን አየኋቸው። እጃቸው ትንሽ ከፍ አለ፣ ተንጠለጠለ። ለያዘ ሰው፣ ለሚጎትት፣ ከኋላ ለሚያንቅ፣ ለሁሉም የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። ለዚህ ግን ምንም አልነበራቸውም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አባዬ እንቢ ይበሉ!» ብዬ ጮኽኩ ከመጋረጃው። እናቴ አፌን አፈነችኝ። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው፣ «ይቺ ናት ደብረ ብርሃን ያለችው?» አለ፤ ሌሎቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

አባቴ እህቴን ጠሯት። ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ መሐል ቆመች። አባቴ ቀና ብለው አላዩዋትም። «ልጄ፣ ሰምተሻል። እኔ አላስገድድሽም። ምን ትያለሽ?»

የጭቃ ሹሙ ሚስት ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣች፤ እናቴን የምታክል ሴት፤ እህቴ እግር ሥር ተደፋች። እህቴ ወደ አጎቴ አየች። አተኩራ አየቻቸው፤ ከበረቱ ጀርባ እንዳለችና ቀጣዩን እንቅስቃሴ እንዲነግሯት እንደምትጠብቅ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«እናንተ እንዳላችሁ» አለች።

ኋላ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ጮኽኩባት። «እንቢ ማለት አቃተሽ? ክንድ የሰበርሽ ልጅ አንዲት ቃል አቃተሽ?»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እሮጥ ነበር!»

«ወዴት? እኔ ስሮጥ አባዬ በጠመንጃ ሲጫረሱ?» ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች። «እነሱ እኮ እኔን አልያዙኝም» አለች። «በየት በኩል ልውጣ?»

ሰርጉ ከመስቀል በፊት ሆነ፤ የዐቢይ ጾም አይደል፣ ምን ያዘገየዋል። በዚያችው በቅሎ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ በበቅሎ ሄደች፤ በርኖሱ ዛሬ ትከሻዋ ላይ በወግ ተደርቧል። ማንም እጇን አልያዛትም። ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ አልቆ ልብስ ሰፊው ጋ ነበር፤ ሄጄ አመጣሁትና እናቴ ሳጥን ውስጥ ከታች አስቀመጠችው።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ አውድማው ላይ አልቆሙም። ጎረቤቶቹ፣ «ዛሩ ለቀቃቸው፣ ተመስገን» አሉ። ጠዋት ጠዋት ከካቡ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «ጃፓናዊው ሽማግሌ ስለ እንደዚህ ያለ ነገር ምን ብሎ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አልጠየቅኩትም» አሉኝ። «እሱ አገር እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩን ማን ያውቃል።»

ከመሄዷ በፊት እህቴ አንድ ነገር ለመነችኝ። «ለዳይሬክተሩ ታማለች በይልኝ። አገባች ካልሽ ስሜን ይሰርዙታል።»

ደብረ ብርሃን ደርሼ እንዲያ አልኩ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ምኗን ነው የሚያማት?» አሉኝ። ውሸት አይዋጣልኝም፤ አፌ ላይ የመጣውን፣ «እጇን» አልኩ። «ይሻላታል?» ሲሉኝ፣ «ይሻላታል» አልኩ። እስከ ገና እጠብቃለሁ አሉ፤ ደግ ሰው ነበሩ።

በእረፍት ሰዓት በዘጠነኛ ክፍል መስኮት ማየት ለመድኩ። መስኮቱ ሥር አንድ ክፍት ቦታ ነበር፤ ሰው ደብተሩን እዚያ ያስቀምጥበታል፤ ብርድ ሲሆን ጋቢ ይጣልበታል። ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ሳልፍ አንዲት ልጅ ተቀምጣበታለች፣ አዲስ፣ ፀጉሯን በሁለት የተሠራች፣ ገና ሰው ያልለመደች። እርሳስ ትቀርጻለች። ቆሜ አየኋት።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ መምህሩ ከውስጥ።

«ምንም» አልኩና ወደ ክፍሌ ሄድኩ።