አንድ ቃል፣ ሁለት አፍ

ሰቆጣ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ "ስቴሪዮታይፕ ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ጅምላ ፍረጃ" ብዬ ላልፋት ስችል፣ ነገር ካልፈተፈትኩ እንቅልፍ አይወስደኝምና ስልኬን አውጥቼ የቃሉን ዘር ማንዘር አየሁላቸው። የማተሚያ ቤት ቃል ነው። ድሮ አንድ ገጽ ከብረት ፊደላት ፊደል በፊደል ይለቀምና ይደረደራል። ከዚያ ላይ ቅርጽ ይወሰዳል፤ ቅርጹ ላይ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል፤ ሲረጋ ገጹ በሞላው አንድ ድርቅ ያለ ሰሌዳ ይሆናል። የፈለጉትን ያህል ወረቀት ያትሙበታል፤ አንዲት ፊደል ላርም ቢሉ ግን አይሆንም። የግሪክኛው ሥርም "ድርቅ ያለ ቅርጽ" እንደ ማለት ነው። ኋላ ቃሉ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ላለው ነገር መጠሪያ ሆነ። ተማሪዎቼ ጻፉ፣ ደወል ተደወለ፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ስደርስ ጎረቤቴ ቤት ሰው ሞልቷል። ጎረቤቴ ከደሃና ወረዳ የመጣች ናት፤ የስድስት ዓመት ልጇን ትኩሳት ይዟት ሦስት ቀን ሆኗታል። እኔ ጨቅጭቄያት ጨቅጭቄያት ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስዳት መድኃኒት አስጀምራታለች። ታዲያ ምን ያደርጋል! በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ዘግተው፣ አሮጌ ጨርቅ አጭሰው ልጅቷን ያጥኗታል። አንድ ሽማግሌ ከራስጌዋ ተቀምጠው "ማን ነህ? ከየት ያዝካት?" ይላሉ። የልጅቷ ዓይን ፈጧል፤ ግን ማንንም አያይም።

"በር ላይ ቆማ ስትበላ አየኋት፤ አማረችኝ፤ ገባሁባት" አለች።

በአማርኛ! ይህቺ ልጅ ኽምጣኛ ብቻ የምትናገር፣ በአማርኛ "ደህና ዋልሽ" ለማለት እንኳ የምትንተባተብ ናት። ድምፁም የሷ አልነበረም፤ የደከማት ትልቅ ሴት ድምፅ ነበር።  ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ቃሉን ማወቄ ነው። እኔው ብዬዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከከተማው ውጪ፣ ገጠር። እኔንም ትኩሳት ይዞኝ፣ ጢሱ ጉሮሮዬን ዘግቶት፣ "ማን ነህ?" ሲሉኝ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። አንድ ቃል አልጎደለም፣ አንድ ቃል አልተጨመረም። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው መቼስ። "የማን ነህ?" ሲሉኝ የመንደራችንን ሸክላ ሠሪ ስም ጠራሁ። ያቺ ሴት ከቁራጭ ጭቃ በሬ ሠርታ ከመስጠት በቀር ምንም አላደረገችኝም። ጎትተው አመጧትና "እንትፍ በይባትና ልቀቂያት" አሏት። እንትፍ ብትል ቡዳ መሆኗን አመነች፤ እምቢ ብትል ልጅ ገደለች። እንትፍ አለች። እኔ ዳንኩ፣ እሷ ልጆቿን ይዛ አገር ለቃ ሄደች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

"የማን ነህ?" አሉ ሽማግሌው ልጅቷን።

ልጅቷ ታች ሰፈር ያለችውን ሸክላ ሠሪ ስም ጠራች። ሁለት ጎልማሶች ሊያመጧት ብድግ አሉ።

በሩ ላይ ተገትሬ "የትም አትሄዱም!" አልኩ። "አባባ፣ ይስሙኝ። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ብያለሁ፤ ማንም አልገባብኝም ነበር። ንጹሕ ሰው ነው ከአገር ያስነቀልኩት። ይቺን ደግሞ አታስነቅሉ።" እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ። "ይህንኑ ነው ያልሽው?"

"ይህንኑ።"

"ቃል በቃል?"

"ቃል በቃል፣ አባባ።"

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን አፌን በርግጄ ከፈትኩት። ሽማግሌው ጎልማሶቹን በእጃቸው ወደ ኋላ መለሷቸው። አሸነፍኩ ብዬ እኮ ነው፣ ሞኝ!

"ቡዳ ስም ያሳስታል" አሉ ቀስ ብለው። "ቃሉ ግን ቤቱን አይስትም። ያኔ አንቺ ላይ የገባው አልወጣም።"

ሰው ሁሉ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። እናትየዋ ልጇን አቅፋ መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች። ሁልጊዜ እንደምታከብረኝ አክብራ፣ "እትዬ፣ በእናትዎ፣ እንትፍ ይበሉባትና ይልቀቁልኝ" አለችኝ።

"እምቢ ካለች ያቺኛዋን እናመጣለን" አለ አንደኛው ጎልማሳ።

ልጅቷ እሳት ሆናለች። ጥያቸው ብወጣ ወደ ታች ሰፈር እንደሚሮጡ አወቅሁ። ጎንበስ አልኩና እንትፍ አልኩባት።

ልጅቷ ዓይኗን ከደነች፤ ትንፋሿም ወዲያው ረጋ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ይኸው፣ ለቀቀቻት" አለች። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ አመንኳት።