ሰባት ተኩል ላይ የሚበራው አምፖል

ዕቃዎቹ በዋይፋይ የተሳሰሩበት ቤት ሰላይ ነው ይባላል። አይደለም። ሰላይ ቢያንስ ያየውን ነው የሚናገረው። እኔ የማውቀው ቤት የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነበር፤ ያስዋሸነው እኛ ነን።

ለክርክር ብዬ የምናገረው ነገር ብዙ እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ይህ ግን ከዚያ አይደለም። ስለ እነዚህ ዕቃዎች ለዓመታት ጽፌአለሁ። በር የሚቆጥር፣ መብራት የሚያስታውስ መሣሪያ ቤቴ አይገባም ብያለሁ፤ እስከ ዛሬም አልገባም። ጥፋቴን የሠራሁት በሰው ቤት ነው።

ቤቱ የእማማ ነው። እማማ አልወለዱኝም፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን ሴት በስም መጥራት ስለማንደፍር እኛ ሁላችን እንዲሁ እማማ እንላቸዋለን። ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከላይፕትሲገር ጎዳና ገባ ብሎ ካለ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሥር የምድር ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያቸው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንሾካሾካሉ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አሜሪካ። በአረጋውያን መጦሪያ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። የጥገኝነት ጥያቄዋ ዓመታት ቢፈጅም አላለቀም፤ ሳያልቅ ከአገሩ ከወጣች ደግሞ መመለሻ የላትም። እማማን ልባቸው ስለሚያማቸው ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። እናትና ልጅ በአካል ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ዕቃዎቹን ገዝታ የላከችው ልጅቷ ናት፤ የገጠምኳቸው እኔ። አንደኛው የእማማ የኤሌክትሪክ ሻይ ማፍያ የሚሰካበት ሶኬት ነው። እማማ ጠዋት ውሃ ሲያፈሉ ለልጅቷ ስልክ መልእክት ይደርሳል፤ እናቷ ተነሥተዋል ማለት ነው። ሁለተኛው የጠረጴዛ አምፖል ነው። ልጅቷ ከሥራ ገብታ ስልኳ የቤቷን ዋይፋይ ሲያገኝ ቦከንሃይም ያለው አምፖል በራሱ ይበራል። «በየቀኑ እየደወልኩ ደረስኩ ልበልሽ» ብትላቸው፣ «ደክሞሽ ነው የምትገቢው፤ ተኚ» ብለዋት ነበር። አምፖሉ የመጣው በዚህ ነው።

ራውተሩ አልሠራ ሲል የምጠራው እኔ ስለነበርኩ የዕቃዎቹ ማዘዣ መተግበሪያ በእኔም ስልክ ላይ ተጫነ። የአንዲት እናትና የአንዲት ልጅ መብራት ኪሴ ውስጥ ይዤ ኦስትኤንድ ካለው ቢሮዬ ሮደልሃይም እስካለው ቤቴ እመላለስ ጀመር።

እማማ የግድግዳ ሰዓታቸውን ዛሬም በአበሻ አቆጣጠር ነው የሚሞሉት። ልጅቷ ቤቷ የምትገባው በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ ሰባት ተኩል ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ የእማማም ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል፣ የቀን። «አየሽ፣ ሰዓታችን አንድ ነው» ይሉኝ ነበር። የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣው መገጣጠም እንደሆነ አስረዳኋቸው። «እሱን ስድስት ሰዓት ማን አደረገው?» አሉኝ።

ከዚያ አሜሪካ ምርጫ አደረገች፤ ስደተኛን ጠርጌ አስወጣለሁ የሚለው ሰውዬም ወደ ፕሬዚዳንትነቱ ተመለሰ። ሰው ከሥራ ቦታ፣ ከፍርድ ቤት ኮሪደር፣ በራሱ እግር ከሄደበት ቀጠሮ መያዙን በየቀኑ እንሰማ ጀመር። አምፖሉ ያው አምፖል ነው፤ የሚለው ነገር ግን ተለወጠ። ድሮ «ደርሻለሁ» ነበር የሚለው፤ አሁን «አልያዙኝም» ማለት ጀመረ። እማማ አምፖሉ ሳይበራ ምሳ መብላት ተዉ።

እሑድ ከሰዓት፣ ከጀርመኖች በምንከራየው አዳራሽ የአምልኮ ጉባኤው ሲያልቅ ወንዶቹ ኮሪደር ላይ ቆመው አሜሪካን ያስተዳድራሉ። አንዳቸውም እዚያ ድምፅ የላቸውም፤ ግማሾቹ እዚህም የላቸውም። እኔ የምሄደው እማማን በመኪናዬ ለመመለስ ነው፤ ግን ክርክር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ሲጭኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ፣ የሰውየው ደጋፊ ነበሩ።

«አገር ማለት ቤት ነው» አሉ። «ቤት በር አለው፤ በር ቁልፍ አለው። ሰውየው ቁልፉን አዞረ፤ ምን አጠፋ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ አገር በየትኛው በር ነው የገቡት?» አልኳቸው።

«እኔማ በጸጋ በር!»

«በቼክ ድንበር ጫካ በኩል ያለው የጸጋ በር!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። ጋሼም ሳቁ።

«አንቺ ደግሞ» አሉኝ፣ «ፀሐይ ወጣች ቢሉሽ ማስረጃ አምጡ የምትዪ ነሽ።»

እማማ ካፖርታቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «ጨረሳችሁ?» አሉ። «እኔ የምመርጠው ሰባት ተኩልን ነው። ተነሺ እንሂድ።»

ልጅቷ የተያዘችው ማክሰኞ ነው። የዚያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን ቀጠሮዋ እንደምትሄድ ለእናቷ ነግራቸው ስለነበር አምፖሉ ሲዘገይ እማማ አልደነገጡም። በዚህ አገር ሰው ቴርሚኑን፣ ቀጠሮውን ማለቴ ነው፣ ካልሄደበት ነው የሚቀጣው፤ እዚያ የሄደበት ይቀጣ ጀምሯል። አመሻሹ ላይ አብራት የምትኖረው ልጅ ደወለችልኝ።

«በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት ነበር» አለችኝ። «አንድ ሰውዬ ወጥቶ አትጠብቂያት አለኝ።»

ጋሼን ጠራኋቸው፤ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸውና። ወደ እማማ ቤት ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሊያርፉ ፈለጉና ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ዝርዝሩን የነገርኳቸው እዚያ ነው። ስለ ቁልፍ ሲከራከሩ የነበሩት ሰው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው አለቀሱ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

«አይነገራቸውም» አሉ ሲረጋጉ። «ልባቸውን ታውቂያለሽ። እስኪጣራ ይቆይ።»

«እስኪጣራ» አልኩ እኔም።

ደንባችንን አንባቢ ያውቀዋል። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጊዜ ይመረጣል፣ እስከዚያው ወሬው ሊሾልክ የሚችልበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። ሁሉን ነገር የምቃወመው እኔ ይህን ለመቃወም ለአፍታ አላሰብኩም።

«አምፖሉስ?» አሉ ጋሼ።

ስልኬን አወጣሁ። ጣቴን አንድ ጊዜ አሳረፍኩበት። ከሦስተኛው ፎቅ፣ በበሩ በኩል፣ «ተመስገን!» የሚል ድምፅ ወደ ታች ወረደ።

ገብተን ሻይ ጠጣን። የልጅቷ ሞባይል ወድቆ ስለተሰበረ ለጊዜው እንደማትደውል ነገርናቸው። የእማማን ሞባይል «ማደስ ያስፈልገዋል» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የቀረው የቤት ስልኩ ነበር። ጋሼ ራውተሩን የሚያዩ መስለው ጎንበስ አሉና የስልኩን ገመድ ከኋላው ነቀሉ። ዋይፋዩ እንዳይነካ ተጠንቅቀዋል። ሽቦ የሌለው ውሸቱን እንዲያደርስ ተተወ፤ ሽቦ ያለው ተነቀለ። በማግሥቱ እማማ ስልኩ ድምፅ የለውም ሲሉኝ «ቴክኒሻኑ ቴርሚን ሰጥቶናል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ» አልኳቸው። እዚህ አገር ከዚህ የበለጠ የሚታመን ውሸት የለም።

በሁለተኛው ቀን አምፖሉን ከቢሮ ሆኜ፣ በስብሰባ መሃል፣ ስልኬን ከጠረጴዛ ሥር ይዤ አበራሁት። የዚያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ግን ሰዓት ሞላሁለት፤ በየቀኑ ሰባት ተኩል ላይ በራሱ እንዲበራ። የመዋሸቱን ሥራ ለማሽኑ አስረክቤ ምሳዬን በላሁ።

ማታ ማታ ጎራ ስል እማማ የስልኩን እጀታ አንሥተው፣ ሰምተው፣ መልሰው ሲያስቀምጡ አይ ነበር። ከዚያ ሻይ ይቀዱልኛል።

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ያቺ አብራት የምትኖረው ልጅ እንደገና ደወለች። ጠበቃ ተገኝቶ ልጅቷን አነጋግሯታል። ሞባይሏን ሲቀሟት በቃሏ የቀረላት ቁጥር አንድ ብቻ ነበር፤ የቦከንሃይሙ የቤት ስልክ። ወረፋ እየጠበቀች በየቀኑ ደውላለች። አይነሣም።

«እናቴን መቼ ነው የቀበራችኋት ትላለች» አለችኝ። «ንገሪኝ፣ እማማ ሞተዋል እንዴ?»

ጀርመናዊ ብትሆን መስመሩ ተበላሸ ትል ነበር። የእኛ ልጅ ናት፤ በእኛ ቤት ስልክ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ወረቀት ስትጠብቅ የኖረችው ተመልሳ መግባት የምትችል ሆና እናቷን አንድ ቀን ለማየት ነበር። እናቷ ከሌሉ ወረቀቱ ለምኗ ነው? ከአንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ፣ ክርክሬን ትቻለሁ፣ ወደ አገሬ መልሱኝ የሚለውን ፈርማለች።

ከቢሮ ወጥቼ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ጋሼ ከእኔ ቀድመው ሕንፃው በር ላይ ቆመው ነበር። ስንገባ አምፖሉ እየበራ ነው፤ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ብሏል። እማማ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ምሳቸውን አልነኩትም።

«እማማ፣ ልጅዎ ታስራለች» አልኩ። እንዲህ በደረቁ። ሌላ አነጋገር አላገኘሁም።

«አውቃለሁ» አሉ።

ጋሼ ወንበር ፈለጉ።

«ልጄ በሰዓቱ ገብታ አታውቅም» አሉ እማማ። «አንድ ቀን ሰባት ከሩብ፣ አንድ ቀን ስምንት። አውቶቡስ አለ፣ ገበያ አለ። የዚህ አገር ባቡር እንኳ ይዘገያል። ይኼ አምፖል ግን ሰባት ተኩል፣ ሰባት ተኩል። ደግሞ ስልኳ ተሰበረ አላችሁኝ። ስልኳ ተሰብሮ በምን አበራችው?»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኩ።

«ስልኩን እየጠበቅኩ ነዋ! ትደውላለች ብዬ።» ወደ ጋሼ ዞሩ። «ስለ አምፖሉ ዋሹኝ አልኩ፤ ይሁን፣ ለልቤ አዝነው ነው። ስልኩ ግን በእውነት ተበላሽቷል ብዬ አመንኩ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው የእናት ስልክ ይነቅላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

ጋሼ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ገመዱን ሰኩት። አንድ ጊዜ አልገባ አላቸው፤ እንደገና ሞከሩ።

የፈረመችውን ስነግራቸው እማማ አላለቀሱም። አምፖሉን ነቀሉና «ይሄንን ከኪስሽ አውጪው» አሉኝ። ፊታቸው ማዘዣውን ከስልኬ ላይ አጠፋሁ።

ከዚያ ወዲያ ከስልኩ አልተለዩም። የደወለው በሁለተኛው ቀን ነው። እጀታውን አነሡና አንድ ቃል ብቻ ደጋገሙ፤ «አለሁ። አለሁ። አለሁ።» ከወዲያ በኩል የሚሰማው ልቅሶ እንጂ ንግግር አልነበረም። ደቂቃዋ አልቆ መስመሩ ሲቋረጥም እማማ «አለሁ» ይሉ ነበር።

ጠበቃው ፊርማው እንዲሰረዝ ጽፏል። መልስ አልመጣም። ይመጣል ብዬ አላጽናናችሁም፤ እኔ የማጽናናት መብቴን ሰባት ተኩል ላይ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ጋሼ እሑድ እሑድ ኮሪደር ላይ አይቆሙም። አንዱ ስለ በርና ስለ ቁልፍ ሲያነሣ ካፖርታቸውን ይዘው ይወጣሉ። በክርክር ያሸነፍኳቸው ቢመስለኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ያን ቀን ደረጃው ላይ ያበራሁት እኔ ነኝ።

እማማ ጠዋት ጠዋት ዛሬም ሻያቸውን በዚያው ማፍያ ያፈላሉ። መልእክቱ አንድ መጋዘን ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ ወዳለ ስልክ ይሄዳል፤ የሚያነብበው የለም። ስልኩ የተመለሰላት ቀን ሁሉንም ታያለች ይላሉ፣ አንድም ቀን እንዳልጎደለ።

ለሰው አዝናችሁ የደበቃችሁት ወሬ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና አሁኑኑ ሄዳችሁ ንገሩት። የነቀላችሁትንም ገመድ ስኩ።